ከአያት ሙዳይ፣ ከተጓዥ ኪስ፦ የድሮና የውጭ ሳንቲም አሰባሰብ

ሴት አያቴ ሙዳይ ውስጥ አንዲት ጠገራ ብር ነበረች። ጥቁርቁር ያለች፣ ላይዋ ባለችው በኦስትሪያዋ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ ፀጉር ውስጥ የዘመናት እድፍ የተኛባት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ፣ እኔም የድርሻዬን ላድርግ ብዬ በሎሚና በአመድ ፈተግኳት። አብረቀረቀች። አያቴ ራሷ «እሰይ የኔ ልጅ!» አለችኝ። ከዓመታት በኋላ ሳንቲም ለሚያውቅ ሰው ወስጄ አሳየሁት። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደግኖ፣ አንዴ ገልበጥ አድርጎ መለሰልኝ። «ታጥባለች» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት በዚያች ቃል እልህ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬም ስብስቤ ትልቅ አይደለም፤ ሦስት መቶ እንኳ አይሞላም። ግን እያንዳንዱ ሳንቲም ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠኝ፣ ስንት ግራም እንደሚመዝን አውቃለሁ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ እንዲህ ያለውን ስብስብ ነው። ሀብታም አያደርግም፤ በዚህ ከወዲሁ እንተማመን።

አንድ ነገር ላስቀድም። ዓ.ም. ብዬ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁን እ.ኤ.አ. እለዋለሁ። ሳንቲም ላይ ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም።

1. መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት መሳቢያ ሳቡ። የልብስ ስፌት መኪናው መሳቢያ፣ የአባት የድሮ ኮት ኪስ፣ የእናት ሙዳይ፣ ቡፌው ላይ ቁልፍና መርፌ የሚጣልባት ስኒ። እነዚህን ፈትሾ ባዶ እጁን የቀረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስታገኙ ዝም ብላችሁ ኪስ አትክተቱ። ትልልቅ ሰዎች ፊት ዘርግፉትና ጠይቁ። ሃያ አምስቱን ሳንቲም ስሙኒ፣ ሃምሳውን ሽልንግ ይሏችኋል። ድንቡሎ፣ አላድ፣ መሐለቅ፣ ቤሳ የሚሉ ቃላት ይወጣሉ። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ስንል የምንጠራው በእውነት የነበረ ገንዘብ ነው፤ ቤሳ ዋጋዋ በጣም ትንሽ የነበረች የመዳብ ሳንቲም ናት። አላድ ደግሞ የብር ግማሽ ነው። ይህ ወሬ ከሳንቲሙ እኩል ዋጋ አለው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ቅዱት።

ቀጥሎ ተጓዥ ጠብቁ። ምንዛሪ ቤቶች የውጭ ሀገር የወረቀት ገንዘብ ይቀበላሉ እንጂ ዝርዝር ሳንቲም አይቀበሉም። ስለዚህ ከዱባይ፣ ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዲሲ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቦርሳው ግርጌ ለምንም የማይሆን ሳንቲም ይዞ ነው የሚገባው። «ቸኮሌቱ ይቅርብኝ፣ ዝርዝሯን ስጡኝ» በሉ። ሸክም ስለምታቀልሉለት ደስ ብሎት ይሰጣችኋል።

የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሌላ ምንጭ አለው። በንግሥ ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ምጽዋት ለሚሰጥ ሰው ብር በሳንቲም የሚዘረዝሩ ሰዎች ይቀመጣሉ። ዛሬ ተመናምነዋል እንጂ አልጠፉም። ሃያና ሠላሳ ብር ዘርዝራችሁ እያንዳንዱን እዩ። ከዝርዝሩ ላይ የሚያስቀሯት ትርፋቸው ናትና አትከራከሩ።

2. ወሰን አብጁ

«ሁሉንም እሰበስባለሁ» የሚል ሰው ከዓመት በኋላ ያለው አንድ ጣሳ ሙሉ ብረት ነው። እኔም ሁለት ዓመት እንዲሁ አባክኛለሁ። ወሰን ስታበጁ ግን ምን እንደጎደላችሁ ታውቃላችሁ፤ የጎደለውን ማወቅ ነው ወደ ፍለጋ የሚያስወጣው።

ለጀማሪ የምመክረው የራሳችንን ስድስት ሳንቲም ነው። አምስቱ 1969 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የደርግ ዘመን ሳንቲሞች ናቸው፦ ባለ 1፣ 5፣ 10፣ 25 እና 50። ሁሉም በአንድ በኩል የሚያገሳ የአንበሳ ራስ አለባቸው። አንድ ሳንቲሟ አልሙኒየም ናት፤ ላባ ታህላለች፤ ገበሬ በበሬ ሲያርስ ያሳያል። አምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ አሥሩ ላይ የደጋ አጋዘን አለ። ስድስተኛው በ2002 ዓ.ም. ዓመት የወጣው፣ ሚዛን ያለበት ባለ ሁለት ቀለም አንድ ብር ነው። አምስቱን በአንድ ሳምንት ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ሳንቲሟ ግን ታለፋችኋለች፤ ለምንም ስለማትገዛ ሰው ጥሏታል።

ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ። በመጀመሪያ የጃንሆይ 1936 ዓ.ም. ሳንቲሞች ይመጣሉ። እነሱ ናቸው «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ብለን ዕጣ የምንጥልበትን አነጋገር የሚያስታውሱን፤ በአንድ ፊት ንጉሡ፣ በሌላው አንበሳው። ቀጥሎ የ1923 ዓ.ም. መቶኛዎች፣ ማለትም የዚያ ዘመን የብር መቶኛ ክፍሎች፣ አሉ። መጨረሻ ላይ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ የተቀረጹት የምኒልክ ብሮች ናቸው። እዚያ ስትደርሱ ኪሳችሁ ይሰማዋል። ስለዚህ አትቸኩሉ።

የውጭውን በተመለከተ የምትኖሩበት ወይም ዘመድ ያላችሁበት ሀገር ይወስንላችሁ። አሜሪካ ላላችሁ፣ ከ1999 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ለሃምሳው ስቴት በየዓመቱ አምስት አምስት እየሆነ የወጣው ኳርተር፣ የሃያ አምስት ሳንቲሙ፣ አለ። ደላዌር ይጀምራል፣ ሃዋይ ይጨርሳል። ከመልስ ላይ እየለቀማችሁ በሃያ አምስት ሳንቲም ሒሳብ ታሟሉታላችሁ፤ ልጆችም ይወዱታል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዋሽንግተን ዲሲን አትዝለሉ። እሱ ላይ ፒያኖ ተደግፎ የተቀመጠው የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ነው። ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቶ፣ ከጃንሆይ እጅ ኒሻን ተቀብሎ ሄዷል። ለእኔ ያ ኳርተር ከኢትዮጵያ ሳንቲሞቼ ጎን ነው የሚቀመጠው፤ ሕግ የለውም፣ ስብስቡ የራሴ ነው።

እዚያው አሜሪካ ሌላም ዕድል አለ። ከ1965 እ.ኤ.አ. በፊት የተቀረጹ ዳይም (አሥር ሳንቲም) እና ኳርተር 90 በመቶ ብር ናቸው። ጠርዛቸውን እዩ። አዲሶቹ ላይ ቡናማ የመዳብ መስመር ይታያል፤ አሮጌዎቹ ዙሪያቸውን ነጭ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ ሱቅ ካሽ ላይ ቆሞ በሥራ ሰዓት ሦስት አግኝቷል። መሳቢያው ውስጥ የራሱን ኳርተር እየተካ ወሰዳቸው፤ እንዲያ ነው የሚደረገው።

አውሮፓ ላላችሁ ዩሮ ራሱ ስብስብ ነው። አንዱ ፊት የጋራ፣ ሌላው የየሀገሩ። የአየርላንድ በገና አለ፤ የግሪክ አንድ ዩሮ ላይ ከጥንት የአቴንስ ገንዘብ የተቀዳችው ጉጉት አለች። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ትንንሾቹን ፊደላት ፈልጉ። በርሊን ኤ፣ ሙኒክ ዲ፣ ሽቱትጋርት ኤፍ፣ ካርልስሩኸ ጂ፣ ሃምቡርግ ጄ ነው ምልክታቸው። የአንድ ዓመት አንድ ዩሮ በአምስቱም ፊደል መሰብሰብ የክረምት ሥራ ይወጣዋል።

ጎረቤት የሚል ወሰንም ያምራል። ኬንያ በ2018 እ.ኤ.አ. የመሪዎችን ምስል አንስታ ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ አንበሳና ዝሆን አድርጋበታለች። ወይም ቀዳዳ ያላቸው ሳንቲሞች ብቻ፦ የጃፓን 5 እና 50 የን፣ የዴንማርክ ክሮነር። ምረጡና ቢያንስ ስድስት ወር ጽኑበት።

3. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ብዙ አይደሉም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ወርቅ ቤቶች የሚይዙት ዓይነት። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ የኪስ ሚዛን። ዲያሜትር ለመለካት ካሊፐር፤ የፕላስቲኩ ይበቃል። ትንሽ ጠንካራ ማግኔት። ደብተርና እርሳስ። ሳንቲሙ ቢወድቅ የሚቀበል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ለስላሳ ጨርቅ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ሚዛኑን ግዙ።

አያያዝም ከዕቃ ይቆጠራል። ሳንቲም ሁልጊዜ በጠርዙ በሁለት ጣት ይያዛል። የጣት ላብ ዛሬ አይታይም፤ ከዓመት በኋላ ግን አሻራችሁ ፊቱ ላይ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

4. ዓመቱን ማንበብ ልመዱ

እዚህ ላይ እኛ ከሌላው ዓለም ሰብሳቢ አንድ እርምጃ እንቀድማለን። ፈረንጁ የኛን ሳንቲም ይዞ ፲፱፻፷፱ ምን ይሆን ብሎ ሲጨነቅ ያድራል። ፲፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፷፱ ስድሳ ዘጠኝ፤ አለቀ። የምኒልኩ ፲፰፻፹፱ ማለት 1889 ነው። ግን የውጭ መዝገብ ስታዩ 1897 ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምረውበት ነው። ይህን የማያውቅ ሻጭ አንዱን ሳንቲም ሁለት አድርጎ ሲሸጥ አይቻለሁ።

የሌሎቹም እንዲሁ በሒሳብ ይፈታል። የሳዑዲ ሪያል ላይ ያለው የሂጅራ ዓመት ነው። በ0.97 አባዙት፣ 622 ደምሩበት፤ እ.ኤ.አ. ታገኛላችሁ። 1438 የሚለው ሪያል ወደ 2016 ይመጣል። ለዚህ የዓረብ ቁጥሮችን ከዜሮ እስከ ዘጠኝ መለየት ይበቃል፤ ባሕረ ሰላጤ የሠራ ዘመድ በአምስት ደቂቃ ያስተምራችኋል። የእስራኤል ሳንቲም ላይ ዓመቱ በዕብራይስጥ ፊደል ነው፤ ሺዎቹ ይተዋሉ። የፊደሎቹ የቁጥር ዋጋ ተደምሮ 780 ከሰጣችሁ 1240 ስትደምሩ 2020 ይሆናል። ታይላንድ ከሆነ 543 ቀንሱ። ጃፓን የንጉሡን የዘመን ስምና የነገሠበትን ዓመት ይጽፋል፤ የሬዋ ዘመን አንደኛ ዓመት 2019 ነው።

ሀገሩን ራሱን ማወቅ ካቃታችሁ ኑሚስታ የሚባል ነጻ የኢንተርኔት መዝገብ አለ። ክብደቱን፣ ዲያሜትሩንና ያለበትን ምስል ስታስገቡ ይፈልግላችኋል። ሚዛን ግዙ ያልኩት ለዚህም ነው።

5. የተጻፈውን ዓመት ግን አትመኑ

አንብቡ ብዬ ወዲያው አትመኑ ማለቴ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ምክንያት አለኝ፤ የኛን ሀገር ሁለት ታዋቂ ገንዘቦች እንይ።

ጠገራ ብር ላይ 1780 ተጽፏል፤ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» እያለ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ የሚይዘው ይህችን ቁጥር ነው። እውነቱ ግን፣ ከሞቷ በኋላ የተቀረጸው ሁሉ 1780 ተብሎ ነው የተቀረጸው። በቀይ ባሕር ዙሪያና በኛ ሀገር ያለ ነጋዴ የለመዳትን ሴትዮ ካላየ፣ ዕንቁዎቿ ጥርት ብለው ካልተቆጠሩለት አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ቪየና ዓመቱን ሳትቀይር ቀጠለች። በ1935 እ.ኤ.አ. ሊወረን የተዘጋጀው የጣሊያን መንግሥት መቅረጫውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስቀረጸ። ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስ፣ ቦምቤይም ተቀርጿል። ሙዳያችሁ ውስጥ ያለችው ጠገራ እንግዲህ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመንም ልትሆን ትችላለች፣ ሙሶሊኒ ያስቀረጻትም። ሁለቱም 1780 ይላሉ። በጥቃቅን ምልክት የሚለዩ አዋቂዎች አሉ፤ ለጀማሪ ግን የሚበቃው ዓመቷን አይቶ አለመክፈል ነው።

ሁለተኛው የጃንሆይ ሳንቲም ነው። 1936 ዓ.ም. ይላል። አዲሱ ገንዘብ ሥራ ላይ የዋለው ግን ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት እየተጨመረ ሲቀረጽ ያው 1936 እንደተጻፈበት ቀረ። ስለዚህ ዓመት ሳይሆን ዓይነት ፈልጉ። ሃያ አምስቱ ሳንቲም መጀመሪያ ድፍን ክብ ሆኖ ወጣ። ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለተመሳሰለ ተሰብስቦ፣ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ የሠራው ወጣ። ሞገዳሙ በየቤቱ አለ። ድፍን ክቡን ያገኘ ሰው ግን በዚያ ቀን ቡና ይጋብዝ።

ሃምሳ ሳንቲሙ፣ ሽልንጉ፣ እውነተኛ ብር ነው። መጀመሪያ የወጣው ከሺህ 800 እጅ፣ በኋላ የወጣው 700 እጅ ንጹሕ ብር አለው። ክብደቱ 7 ግራም ገደማ ነው። ይህን ሳያውቅ የልጅ መጫወቻ ያደረገው ቤት ብዙ ነው።

የደርጎቹም የየራሳቸው ጉድ አላቸው። በኋላ በዚያው መልክ 1996 እና 2000 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ወጥተዋል፤ ማግኔት ስታስጠጉ አንዱ ይጣበቃል፣ ሌላው አይጣበቅም። የሚጣበቀው ውስጡ ብረት ሆኖ የተለበጠ ነው። ሁለቱንም ያዙ።

6. እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት

የምኒልክ ብር ገዛሁ ብዬ በደስታ ቤቴ የገባሁበትን ቀን አልረሳውም። ዳቦ ቆርሼ ማግኔቷን አስጠጋሁ። ዘላ ጉብ አለችበት! ብር ማግኔት አይስብም። የሸጠልኝን ሰው በሳምንቱ ስፈልገው ቦታው ላይ ሌላ ሰው ካልሲ ይሸጣል። ከዚያ ወዲህ ማግኔቷ ከቁልፌ ጋር ነው የምትዞረው።

በማግኔት ማለፍ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ ነሐስም መዳብም አይሳቡም። ቀጥሉ።

ክብደት። ጠገራም የምኒልክ አንድ ብርም 28.07 ግራም ገደማ ናቸው፤ ዲያሜትራቸውም 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ያረጀ ብር ጥቂት የግራም ክፍልፋይ ሊያጣ ይችላል። 24 ግራም ከሆነ ግን ወሬውን ትታችሁ ሂዱ።

ጠርዝ። ጠገራ ጠርዙ ላይ በጌጥ የተለያየ፣ ወጣ ወጣ ያለ የላቲን ጽሕፈት አለው፤ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» ይላል፣ ፍትሕና ርኅራኄ ማለት ነው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም ዙሪያውን የስፌት መስመር የመሰለ ነገር ካለበት፣ በቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ አስመሳይ ነው። በመነጽር ፊቱን ስታዩም ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ይበዛበታል፤ ፊደሎቹ ሳሙና ላይ እንደተጻፉ የደነዘዙ ናቸው።

ድምፅ። ጣታችሁ ጫፍ ላይ አመዛዝናችሁ በመጻፊያ እርሳስ መታ አድርጉት። ብር ረዘም ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ የእርሳስ ብረት የበዛበት ደብ ይላል። ድንጋይ ላይ አትወርውሩት፤ ጠርዙን ትጎዱታላችሁ።

ውኃ። ይህ ከሁሉ የምወደው ነው፤ ወጪውም አንድ ክር ነው። ሚዛኑ ላይ ትንሽ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት። የብርጭቆውን ግርጌም ሆነ ጎን መንካት የለበትም፤ ክሩን በእጃችሁ ያዙት። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ለጠገራም ለምኒልክ ብርም 2.75 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ከ3 በላይ ካሳየ ውስጡ መዳብ ወይም ነሐስ ነው። ወደ 2.5 ከወረደ እርሳስ ጠርጥሩ። ለሌላ የብር ሳንቲም የደረቅ ክብደቱን በውኃው ቁጥር አካፍሉ፤ 10 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ካለ ብር ነው። ስትጨርሱ በለስላሳ ጨርቅ ተጫን ተጫን አድርጋችሁ አድርቁት፤ አትሹት።

አንገት ላይ ሊታሰር የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ካጋጠማችሁ፣ አስመሳይ አይደለም፤ ዋጋው ግን ይወርዳል። እኔ እንዲህ ያለውን እወዳለሁ። የሆነች ሴት በዓል ውላበታለች።

7. አትጠቡት

ቆሻሻ መስሎ የሚታየው ጥቁረት ብሩ ከአየር ጋር ኖሮ ያበጀው ልብስ ነው። ሰብሳቢ እሱን ነው የሚፈልገው። ሎሚ፣ አመድ፣ ጥርስ ሳሙና፣ ኮካ፣ የብረት መፈተጊያ፤ ሁሉም የላይኛውን ሽፋን ይልጡታል። ከተላጠ በኋላ በመነጽር ሲታይ ፀጉር የመሰለ ጭረት ይሞላዋል። የጠፋው አይመለስም። እኔን ጠይቁኝ።

እውነተኛ አፈር ወይም ጭቃ ካለበት በተጣራ ውኃ፣ ባትሪ ውስጥ በሚጨመረው ዓይነት፣ አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፋችሁ ተዉት። ሙጫ ወይም የፕላስቲክ ቅባት ከያዘው ንጹሕ አሴቶን ይለቅቀዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽቶና ዘይት ስላለበት አይሆንም። አሴቶን በቶሎ ይነዳል፤ መስኮት ከፍታችሁ፣ ከከሰልና ከምድጃ ርቃችሁ ተጠቀሙ።

8. አቀማመጥ

የሳንቲም ጠላት እርጥበትና መጥፎ ፕላስቲክ ነው። ያ ለስላሳ፣ የሚሸት፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ አልበም ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳንቲሙን አረንጓዴ ልጋግ ያለብሰዋል። መሃሉ ግልጽ ፕላስቲክ የሆነ ካሬ የካርቶን መያዣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጡ፤ ቀላልና ርካሽ ነው። ከሌለ እያንዳንዱን ለብቻው በትንንሽ ደረቅ የመድኃኒት ከረጢት አድርጉ። በጋዜጣ አትጠቅልሉ፤ በጎማ አትሰሩ፤ ጎማ ብርን ያጠቁረዋል። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጣችውን «አትብላ» የምትል ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ እርጥበት ትጠጣለች። ለክረምት ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ጣል አድርጉ።

9. መግዛትና መለዋወጥ

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ብር ቤቶች፣ ቸርችል ጎዳና ያሉ የባህል ዕቃ ሱቆች፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ዙሩ። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ሳትገዙ ዙሩ። ሻጩ ዋጋ ሲጠራ የብሩን ዋጋ በልባችሁ አስሉ። ጠገራ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር አለ፤ በዕለቱ የግራም ዋጋ አባዙት። ከዚያ በታች የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ዕቃው ብር አይደለም። በእኔ ልምድ ሁለተኛው ይበዛል። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ዋጋ ስታዩ የተጠየቀውን ሳይሆን በትክክል የተሸጠበትን እዩ፤ መጠየቅ ማንም ይችላል።

ድርብ ድርቡን አትሽጡ፣ ለዋውጡ። ሁለት ደርዘን ሞገዳም ስሙኒ ይዤ ነው ከውጭ ሰብሳቢ ጋር የጀመርኩት። ለኛ ተራ የሆነው ለፊንላንዱ ብርቅ ነው።

የአክሱም ሳንቲም ግን ሌላ ነገር ነው። ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወርቅና በብር፣ በኋላም በመዳብ የተቀረጸ ገንዘብ ነው። ኢዛና በላዩ የነበረውን ጨረቃና ክብ አንስቶ መስቀል አድርጎበታል። አክሱም ውስጥ ከዝናብ በኋላ ማሳ ላይ ይገኛል፤ ለጎብኚ የሚሸጠው ግን አብዛኛው አስመሳይ ነው። እውነተኛው ደግሞ ቅርስ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ይመዘገባል፤ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። ስለዚህ ከገዛችሁ ወይ ተታልላችኋል፣ ወይ ሕግ ጥሳችኋል፤ በሁለቱም በኩል ተሸንፋችኋል። ማየት ከፈለጋችሁ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ። ዕድሜ ያለው የምኒልክ ብር ወይም ጠገራ ይዛችሁ ከሀገር ስትወጡም፣ ኤርፖርት ላይ ከመከራከር አስቀድማችሁ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

10. ደብተሩ

ይህን የመጨረሻ ያደረግሁት ብዙ ሰው ስለሚዘለው ነው። ለእያንዳንዱ ሳንቲም ቁጥር ስጡት። ሀገር፣ ዋጋ፣ የተጻፈበት ዓመትና ወደ እ.ኤ.አ. የተመለሰው፣ ክብደት፣ ዲያሜትር፣ ማግኔት ይስባል አይስብም። ከዚያ ዋናው፦ ከማን፣ መቼ፣ የት። የከፈላችሁት ካለ እሱንም፤ የተታለላችሁበትንም ጭምር። ፎቶ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን አንሱ። ሁኔታውን በሐቀኝነት ጻፉ፤ የተቧጨረውን የተቧጨረ፣ የተበሳውን የተበሳ በሉት። ደብተሩን ማንም ሊያየው ስለማይመጣ መዋሸት ያምራል፤ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያነበው ልጃችሁ ወይም ራሳችሁ ናችሁ።

የኔ ደብተር የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፦

«ቁጥር 1። ጠገራ ብር፣ 1780። 27.96 ግራም፣ 40 ሚሊ ሜትር። ማግኔት አይስብም። ከአያቴ ሙዳይ፤ ለእሷ ከእናቷ ጥሎሽ የተረፈ። ሁኔታ፦ ታጥባለች። ያጠባት፦ እኔ።»